ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ የቅርስ አርክቴክት ምን ይሠራል? ለአንዲት ወጣት ባለሙያ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ልደታ ከሚገኘው የሕንፃ ኢንስቲትዩት በአርክቴክቸር የተመረቀች ወጣት በአንድ አማካሪ ድርጅት የቅይጥ አገልግሎት ሕንፃዎችን ንድፍ ትሠራለች። ሙያዋን ወደ ታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማዞር ትፈልጋለች። «እንጀራ ይወጣዋል ወይ? ውጭ አገር ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ግዴታ ነው? ከምን ልጀምር? ደግሞስ ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ ምን ቀረና ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሣ፤ የሌሎቹ መልስ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ብዙ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የፈረሰው ሰፈር የማይተካ ነገር ይዞ ሄዷል። ይህን ማቃለል አልፈልግም፤ በግሌም አዝኜበታለሁ። ግን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ስትሠራ የኖረች ከተማ በአንድ ሰፈር አታልቅም። በ1898 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ያ ሁሉ እሳት ደርሶበት አለ። የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ቆሟል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም አቅፏል። እነዚህ ስም ያላቸው ናቸው። ከግንብ አጥር ጀርባ፣ ከሱቅ መደዳ ኋላ፣ ማንም ስም ያላወጣላቸው ባለ በረንዳ የእንጨት ቤቶች በየሰፈሩ አሉ።

አንድ ነገር ልጨምርበት። አንቺ በሙያው በምትቆይባቸው ዓመታት ክርክሩ ስለ ምኒልክ ዘመን ቤቶች ብቻ አይሆንም። በ1950ዎቹ የተሠሩት የኮንክሪት ሕንፃዎችም ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍቷል፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋትም እዚያው ቦታው ላይ አለ። ያው መሐንዲስ የሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ይታያል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ሌሎች ብዙ ሕንፃዎች ግን እስካሁን በማንም ዓይን ቅርስ አይደሉም፤ «አሮጌ ኮንክሪት» ናቸው። ከእነሱ ጋር የሚደረገው ሥራ የአንቺ ትውልድ ሥራ ነው። እዚያ ቴራዞ (የድንጋይ ፍርካሽ በሲሚንቶ ተዋህዶ የተወለወለ) ወለል አለ፣ የብረት መስኮት አለ፣ ሽፋኑ የተፈነቀለ ፌሮ አለ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ እስከማየው ድረስ ቤት የሚጠፋው ዶዘሩ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ማንም ሳይለካው ሲቀር ነው። አንድ ቦታ ለልማት ሲታሰብ ውሳኔው በፍጥነት ይሄዳል። በዚያ ጠባብ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ይዞታው እስከ የት ነው? መቼ ተሠራ? የትኛው ክፍል ነባር ነው፣ የትኛው ኋላ የተቀጠለ ነው? ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ለማደስስ ስንት ይፈጃል? በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ፕላን፣ ሴክሽን (ሕንፃው በመሀሉ ተቆርጦ እንደሚታይ የሚያሳይ ንድፍ) እና ቀን የተጻፈበት ፎቶ ከሌለ በፍቅርና በቁጭት የሚነገር ንግግር ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ስሙ ብቻ በዝርዝር ላይ የሰፈረ ቤት ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ነው። በውሳኔው ዕለት የሚሮጥ ባለሙያ ብዙ አይረዳውም። ከዓመታት በፊት ፋይሉን አደራጅቶ ያስቀመጠ ባለሙያ ግን ቢያንስ ውይይት ያስከፍታል፤ አንዳንዴ የመንገዱን መስመር በጥቂት ሜትር ያስዞራል። ሕንፃው ባይተርፍ እንኳ ልኬቱ ይተርፋል።

ስለዚህ የዚህ ሙያ እምብርት ልኬት ነው። በኮምፒውተር ከዜሮ መንደፍ ስለለመድሽ መጀመሪያ ይከብድሻል። አሮጌ ቤት ውስጥ ቀጥ ያለ ማዕዘን አይታመንም። አራቱን የግድግዳ ርዝመት ለክተሽ ከጥግ እስከ ተቃራኒ ጥግ ያሉትን ሁለቱን ዲያጎናል ካልያዝሽ ቢሮ ስትደርሺ ፕላኑ አይዘጋም። ወለሉ ያዘነበለ ስለሆነ ከፍታን ከወለል አትለኪ፤ በውሃ ልክ አንድ አግድም መስመር ግድግዳው ላይ አስምሪና ወደ ላይም ወደ ታችም ከእሱ ተነሺ። ግድግዳው ምን ያህል እንዳዘነበለ በቱንቢ ያዢ። ጠቅላላውን በ1 ለ 50 ስኬል (ከእውነተኛው ሃምሳ ጊዜ አንሶ)፣ የበር መቃኑን፣ የበረንዳውን ፍልፍል እንጨትና የደረጃውን መደገፊያ 1 ለ 5 ሣይው። ሌዘርና ድሮን ካገኘሽ ተጠቀሚበት፤ እኔም እጠቀማለሁ። ነገር ግን እጅ የዳሰሰውን ነገር ካሜራ አይተካውም። የበሩ መቃን ላይ ያለውን የመጥረቢያ ምልክት አይተሽ እንጨቱ በእጅ የተጠረበ ነው ወይስ በመጋዝ የተሰነጠቀ ብለሽ መለየት የምትችዪው ቀርበሽ ስትነኪው ነው፤ ይህ ደግሞ ዕድሜውን ለመገመት ትልቅ ፍንጭ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው። በመሀል ከተማ የሠራሁበትን አንድ ቤት ላሳይሽ። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ላዩን ላየው ደህና ነው። ልስኑን በጣት መገጣጠሚያ ስትመቺው ግን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በመዳፍ ስፋት ከፈትነው። ጭቃው ረጥቦ ጣት ያስገባል፤ የምሰሶው እግር በጥፍር ይፋቃል። ከጉልበት በላይ ያለው የዚያው ምሰሶ እንጨት ጥድ ነው፤ ሚስማር አልቀበልም የሚል ጠንካራ። ቤቱን የጎዳው እርጅና ቢሆን ኖሮ ላዩም ታቹም እኩል ባለቀ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይተነፍሳል፤ እንደዚያ እያለ መቶ ዓመት ይኖራል። አንድ ቀን «ለማጠንከር» ተብሎ በሲሚንቶ ይለሰናል። ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር ግትሩ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድምና ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። በዚያ ላይ መንገዱ በተነጠፈ ቁጥር የአስፋልቱ ከፍታ እየጨመረ ቤቱ ከመንገዱ በታች ይቀራል፤ የመንገዱ ጎርፍ በቀጥታ ወደ ምሰሶዎቹ እግር ይመጣል። መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል። መጀመሪያ ውሃውን በቦይ ከቤቱ ታርቂያለሽ። ሲሚንቶውን በጥንቃቄ ታነሺያለሽ። የበሰበሰውን የምሰሶ እግር ብቻ ቆርጠሽ በአዲስ ጥድ ቀጥለሽ ድንጋይ ላይ ታስቀምጫለሽ። ማገሩን ጠግነሽ ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ ትመልሻለሽ፤ በላዩ የኖራ ልስን። ሙሉውን ግድግዳ አፍርሶ በብሎኬት መገንባት የሚመክርሽ ኮንትራክተር አይጠፋም፤ ፈጣን ነውና። እንደዚያ ከሆነ ግን የቀረው ቤቱ ሳይሆን የቤቱ መልክ ብቻ ነው።

የሲሚንቶ ነገር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት የተደረገው ጥገና ኋላ ጉዳት እንዳለው ታይቶ በኖራ የተተካበት ቦታ አለ። ሊቃውንት የሠሩት ሥራ እንዲህ ከሆነ የሰፈር ልስን ምን ይገርማል።

ኖራን በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅሽ ተማሪው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቃጥሎ፣ ውሃ ተጨምሮበት፣ ውሃ ውስጥ ወራት ሲቆይ የሚለሳለስ ነው። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይቀላቀላል። ከተለሰነ በኋላ ቀናት በእርጥብ ጆንያ እየተሸፈነ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ከቸኮለበት ይሰነጣጠቃል። የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው። የሚደንቀው ደግሞ ኖራን የሚያጠነክረው ያው ጋዝ ኮንክሪት ውስጥ ሲሰርግ ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን ባሕርይ ያጠፋል፤ የዛገው ብረት ያብጥና ሽፋኑን ይፈነቅለዋል። የ1950ዎቹን ሕንፃዎች ስትመረምሪ በረንዳው ሥር የምታዪው ጉዳት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኖራ መሥራት የሚያውቁ ግንበኞች እያነሱ ነው። አንድ ካገኘሽ አትልቀቂው፤ የሚሠራበትን መንገድ ጻፊ፣ ቅጂ፣ ከጎኑ ቆመሽ አቡኪ። ከየትኛውም የሥልጠና ሰርተፍኬት በላይ ይጠቅምሻል።

ጣሪያ ላይ ባጭሩ፦ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። የተነቀለ አንድ ቆርቆሮ ሁለት ክረምት ከታለፈ ኮርኒሱን ያወርዳል፣ ወራጁን ያበሰብሳል። ባለቤቱ ወይም ኮሚቴው የፊት ቀለሙን ልጀምር ሲል ጽኚ፤ የመጀመሪያው ብር ጣሪያና አሸንዳ ላይ ይውላል።

ትምህርት ቤት ያላስተማረሽ ሌላው ግማሽ ሥራ ሰዎቹ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች። የአንድ ባላባት ቤት ሳሎን በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ብዙ ቤተሰብ የኖረበት ታሪክ የመጣው ከዚህ ነው። ተከራዩ ባለቤት ስላልሆነ ትልቅ ጥገና አያደርግም፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ከዚያች ኪራይ የሚያወጣው የጥገና ገንዘብ የለውም። ብዙ ባለሙያዎች ነዋሪውን የጉዳት ምክንያት አድርገው ሲጽፉ አያለሁ፤ አልስማማም። ቆርቆሮው ሲያፈስ በላስቲክ የደፈኑት፣ ደረጃው ሲሰበር ሳንቃ የቸነከሩት እነሱ ናቸው። ያ ባይኖር ቤቱ ዛሬ አንቺ የምትለኪው አይሆንም ነበር።

ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ለእነሱ አፍራሽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ሜትር አትያዢ። «ቤቶች እንደምን ዋላችሁ» ብለሽ ግቢ፤ ማን እንደላከሽ፣ ምን እንደምትሠሪ፣ ምን ቃል መግባት እንደማትችዪ በግልጽ ተናገሪ። ቡና ካፈሉልሽ ጠጪ። ሳይፈቀድልሽ ፎቶ አታንሺ፣ መኝታ ቤት አትግቢ። ከዚያ የግቢውን ሽማግሌ ወይም እማማን ጠይቂ፦ ይህ በር የተዘጋው መቼ ነው? ኩሽናው የት ነበር? ምድር ቤቱ ምን ይደረግበት ነበር? ቤተ መዛግብት ውስጥ የማታገኚውን የቤቱን ታሪክ በአንድ ከሰዓት ይነግሩሻል። አንድ ግቢ ውስጥ የነበሩ እናት «ይህ ግድግዳ የአብዮቱ ጊዜ ነው» ብለው ያሳዩኝ ክፍልፋይ፣ ስንከፍተው እንዳሉት ከነባሩ መዋቅር ጋር ያልተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ነዋሪውን ያለ መጠለያ አስወጥቶ የሚደረግ እድሳት በእኔ ሚዛን ጥበቃ አይባልም፤ ይህን አቋም ሥራ ስትጀምሪ ያዢው፣ ኋላ ላይ ለመያዝ ይከብዳል።

«የትኛውን ዘመን ልመልስ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብሻል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ፋሺስቶች የሠሩትን ደረጃ ሄደሽ እዪው። እርከኖቹ የሙሶሎኒን የሥልጣን ዓመታት እንዲቆጥሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃው ፈርሶ ቢሆን ኖሮ አንበሳው ምን እንደረገጠ ማንም አያውቅም ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚናገረው ዓለም አቀፍ ሰነድ የቬኒስ ቻርተርም ግምት በሚጀምርበት ቦታ እድሳት መቆም አለበት ይላል። ማስረጃ ከሌለሽ የጠፋውን ጉልላት «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለሽ አትሥሪ።

ሕጉን አንብቢ፤ አርክቴክቶች የሚሸሹት ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥገናና እድሳት አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ የባህል ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመድባል። ባለጉዳይሽ ማን ጋ መሄድ እንዳለበት፣ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይስ ወደ ከተማው ባህል ቢሮ፣ ማወቅ የአንቺ ሥራ ነው።

እንጀራውስ? እውነቱን ልንገርሽ። ከቅርስ ሥራ ብቻ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አትኖሪም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ አነስተኛ ቢሆንም የምትገቢበት ሕንፃና የምታገኚው ልምድ ብዙ ነው። በኤምባሲና በዓለም አቀፍ ድርጅት ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ጥሩ ይከፍላሉ፤ ግን ያልቃሉ። ክፍያ የሚዘገይበት ጊዜ አለ፤ እኔም ሥራ አስረክቤ ረጅም ጊዜ የጠበቅሁበት አለ። ስለዚህ አሁን ያለሽበትን ሥራ አትልቀቂ። በሌላ በኩል ፍላጎቱ እየሰፋ ነው። የታላቁ ቤተ መንግሥት ነባር ሕንፃዎች ታድሰው አንድነት ፓርክ ሆነው በ2012 ዓ.ም. ተከፍተዋል፤ ብሔራዊ ቤተ መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኗል። መንግሥት ለእድሳት ገንዘብ ማውጣት ከጀመረ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ደንበኛ ደግሞ አለ፦ ሰበካ ጉባኤ። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት አሮጌውን የሚያፈርስ ኮሚቴ ብዙ ነው። በጊዜ ደርሶ ጣሪያውን ጠግኖ፣ ሥዕሎቹን ከእርጥበት አድኖ፣ አዲሱን ከጎን ማስቀመጥ እንደሚቻል በንድፍና በብር አሳይቶ የሚያሳምን አርክቴክት ያስፈልጋል። እነዚህ አባቶች ቁጥሩን አይተው ይወስናሉ፤ ንግግር አታብዢባቸው።

ውጭ አገር መሄድ ግዴታ አይደለም። በተማርሽበት ልደታ በሥነ ሕንፃና ከተማ ቅርስ ጥበቃ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተከፍቶ ባለሙያዎችን አፍርቷል፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን የአዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ በመጽሐፍ ሰብስበዋል፤ እሱን ሳታገላብጪ ወደ መስክ አትውጪ። መውጣት ካለብሽ የአውሮፓን ካቴድራል የሚያስተምርሽን ትተሽ አፈርና ኖራ የሚያስተምርሽን ምረጪ፦ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ያለው ክራቴር የተባለው ማዕከል በአፈር ሕንፃ የታወቀ ነው፤ ሮም ያለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል ኢክሮምም አጫጭር ኮርሶች አሉት። ጣሊያንኛ ማንበብ ብትችዪ የጣሊያን ወረራ ዘመንን (1928–1933 ዓ.ም.) ንድፎችና ፎቶዎች ያለ አስተርጓሚ ትከፍቻለሽ፤ ይህ በጣም ይጠቅምሻል።

ከምን ልጀምር ላልሽው፣ ከሥራሽ ወይም ከቤትሽ በእግር የሚደረስ፣ ታዋቂ ያልሆነ አንድ አሮጌ ቤት ምረጪ። ነዋሪዎቹን አስፈቅደሽ በቅዳሜዎችሽ ለኪው፦ ፕላን፣ አንድ ሴክሽን፣ የፊት ኤሌቬሽን (የፊት ገጽታ ንድፍ)፣ የጉዳት ካርታ። የጉዳት ካርታው ላይ የረጠበውን፣ ምስጥ የበላውን፣ የተሰነጠቀውን በተለያየ ቀለም አመልክቺ። ያልደረስሽበትን ክፍል «አልተለካም» ብለሽ ጻፊበት፤ በግምት አትሙዪው። ቀኑን፣ የለካውን ሰው ስምና ሰሜንን አትርሺ። አንድ ኮፒ ለቤቱ ሰዎች፣ አንድ ለከተማው ባህል ቢሮ፣ አንድ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አስረክቢ፤ ለቢሮው ስትሰጪ በደብዳቤ አድርጊውና የመዝገብ ቁጥር ተቀበዪ። ግንቦት ውስጥ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ከእያንዳንዱ ግድግዳ ሥር አንዳንድ ፎቶ አንሺ፤ መስከረም ላይ ከዚያው ቦታ ቆመሽ ድገሚው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ የእርጥበቱ መስመር የት ድረስ እንደወጣ ምልክት ስታደርጊ ጥገናው ከየት እንደሚጀምር ታገኚዋለሽ፤ የመጀመሪያ የጥገና ሐሳብሽንም ከዚያ ላይ ጻፊው።